የእናታችን ድስት በኩባንያው በር

ለውድ እህቴ ለዜሊካ፤

ይህን ያህል ምድር አቋርጦ የሚመጣው የወንድምሽ ናፍቆትና ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የሚያስቸግርሽ ጉልበትሽ ጋብ አለልሽ ወይ? ባለቤትሽ ኡክሊድ እንደምን ከርሟል? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ። ዛሬ ግን የማበሥርሽ ነገር አለኝ።

እናታችን፣ ነፍሷን ይማርና፣ በፍልሰታ በዓል ድስቷን በጭልፋ እየደበደበች ስትስቅ የአጎታችን ልጅ ሊቫን ያነሣት ፎቶግራፍ፣ ያ ከራስጌሽ የሰቀልሽው፣ ዋነኛው ባለ ጉዳይ እርሱ ነው። በበረዶው ወራት ጎረቤቴ ኦዚት የሰርዲን ቆርቆሮ ይዛ ገባችና፣ «አንተ ኦኔዚም፣ እናትህ ከመቼ ወዲህ ነው ዓሣ ነጋዴ የሆነችው?» አለችኝ። ብመለከት እናታችን ከቆርቆሮው ላይ ትስቃለች! የወደቡ ዓሣ ማሸጊያ ኩባንያ ሊቫንን ሳያስፈቅድ፣ ስሙንም ሳይጠቅስ ለጥፏታል።

ሊቫን ዋጋውን ቢጠይቅ ሥራ አስኪያጁ ሬያል፣ ያ የሠርጉን ፎቶ ራሱ ሊቫን ያነሣለት የሰፈራችን ልጅ፣ «ከኢንተርኔት ነው ያገኘነው፤ ይልቅ ስላስተዋወቅንልህ አመስግነን» ብሎ ሸኘው። ሊቫን ኪራይ አቅቶት ስቱዲዮውን በመጪው ወር ሊዘጋ ቆርጦ ነበር፤ አባቱ አንቺንና እኔን ለመጀመሪያ ቁርባናችን ያነሣበትን ያን ክፍል! ከገንዘቡም ይልቅ ያንገበገበው፣ የዕድሜ ልክ ሥራው ባለቤት እንደሌለው ዕቃ መታየቱ ነበር።

ባለፈው ሳምንት በፍልሰታ ዕለት፣ እኛ አካዲዎች በዓላችንን በምናከብርበት በኦገስት 15፣ እንደ ወጋችን ድስትና ክዳን፣ ደወልና ጡሩምባ ይዘን ለታንታማሩ፣ ለዚያ የጩኸት ሰልፋችን፣ ወጣን። እኔ የእናታችንን ጥቁር ድስት ከነጭልፋዋ ይዤ ነበር። ሰልፉ ወደ ወደቡ ሲወርድ በኩባንያው በር ያልፋል፤ ዘንድሮ ግን ኦዚት ከበሩ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። ሕዝቡም ቆመ። ዜሊካ፣ እንዲያ ያለ ጩኸት በዕድሜዬ አልሰማሁም! ሬያል ወጥቶ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ይታያል፣ ድምፁ ግን በጩኸቱ ተውጧል። ኦዚት ጆሮው ሥር ተጠግታ፣ «አንተ፣ በዛሬ ቀን ባዶ እጁን የሚቆም የአካዲ ልጅ አለ እንዴ? አታፍርም?» ብላ ጮኸችበት።

እኔም ድስቱን ሰጠሁት። ከቆርቆሮው ላይ ያለው ያው ድስት መሆኑን ሲያውቅ ፊቱ ቀላ። አንድ ጊዜ በቀስታ መታው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያደገበት ወግ ነውና ሸሚዙ በላብ እስኪርስ ቀጠቀጠው። ሊቫንም በካሜራው አነሣው። ጩኸቱ ሲበርድ፣ «ሬያል ልጄ፣ ይህን ፎቶ ላወጣው አስቤያለሁ፤ ትፈቅድልኛለህ?» ቢለው መንደሩ በሳቅ ፈነዳ። ሬያል አንገቱን ደፍቶ፣ «ጋሼ ሊቫን፣ ይበቃኛል፤ ሰኞ ስቱዲዮህ እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ሙሉ ዋጋውን ከፈለ፤ ስቱዲዮው አይዘጋም! በአዲሱ ቆርቆሮ ላይ የሊቫን ስም ይታተማል። ሊቫን ደግሞ «የአክስቴም ስም ከጎኔ ይጻፍ፤ ግን ልጆቿ ሳይፈቅዱ አይሆንም» ብሏል። እኔ ፈቅጃለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ የአንቺን ቃል እየጠበቀ ነው።

ኡክሊድን በወንድምነት እቀፊልኝ። ልጅሽን ኖርማንን፣ ሚስቱን፣ ትንሿን ኤሊዝንም ሳሚልኝ። ሊቫንና ኦዚት እጅ ይነሡሻል። የእናታችን ድስት ከሬያል ዱላ በኋላ ጎኑ ትንሽ ጎድጉዷል፤ አላቃናውም።

ወንድምሽ ኦኔዚም
ሳንት-ኦዲል፣ ኒው ብረንዝዊክ
ኦገስት 23 ቀን 2024