ሽማግሌ በጓሮ በር አይገባም

ይድረስ እንደ እናት ላሳደጉኝ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ብዙነሽ፤ ምንጃር፣ አረርቲ።

እትዬ፣ እንደምን ከረሙልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? የቀኝ ጆሮዎ ከግራው ታረቀ ወይስ አሁንም እንደተኳረፉ ናቸው? ክረምቱ እንዴት ገባላችሁ? ጤፉ ተዘራ? ላሚቱስ በሰላም ተገላገለች? እኔ ከጥርሴ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ጥርሱም ቢሆን እዚህ አገር የሚታኘክ ነገር ስለሌለ አይቆጨኝም። በስልክ ስጮህ ጎረቤቱ በመስኮት ያየኛል፣ እርስዎ ደግሞ «ማን ሞተ?» ይሉኛል። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ እኔ እየተናገርኩ የልጅ ልጄ ኑሃሚን ትጽፋለች። ጉዳዩም የእሷው ነው። እርስዎ እሺ ካላሉ አትዳርም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወለል ነው። ልጄ የሺእመቤት፣ የኑሃሚን እናት፣ አሜሪካ አትላንታ አጠገብ ስኔልቪል በሚባል ሰፈር የገዛችው ቤት ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ የተሰፋበት ነበር። በበሩ ጥግ ዝናብ ገብቶ ምንጣፉ ሸተተ፤ ቢገለጥ ከሥሩ ኦክ የሚሉት እንጨት ተገኘ። ኦክ ማለት የፈረንጅ ወይራ በሉት፤ ምስማር ያጎብጣል። ሰው እንዲህ ያለ እንጨት አግኝቶ ጨርቅ ያለብሰዋል? በቅሎን ቀሚስ እንደማልበስ ነው። ይገለጥና ይታደስ ተባለ። ኑሃሚን «ወለል የሚሠራ የማውቀው ልጅ አለ» ብላ መርዕድ የሚባል ጎልማሳ አመጣች። ከየት እንደምታውቀው ያኔ አልጠየቅኩም።

የበሰበሰውን ጥግ የሚተካ ጣውላ ልንመርጥ ፒችትሪ ኮርነርስ የሚባል ሰፈር ወዳለ የእንጨት መጋዘን ወሰደን። እኔ እያንዳንዱን ጣውላ አንኳኳሁ፣ አሸተትኩ። ሻጩ አየኝ፤ እኔም አየሁት። በጣውላው ተስማማን፣ በመልኩ ተጣላን። የሺእመቤት የአመድ መልክ ያለው ቀለም ይቀባ አለች፤ አሁን የወጣ ፋሽን ነው አሉ። አመድ ዳር ተወልጄ አመድ ላይ አልሞትም አልኳት። መርዕድ ጥጉ ላይ ከየቀለሙ ትንሽ ትንሽ ቀብቶ «ጠዋትም ማታም እዩት» አለን። ስናይና ስንጨቃጨቅ ሰንብተን ምንም ቀለም ሳይነካው በራሱ መልክ እንዲቀር ተወሰነ። ሐሳቡ የእኔ ነበር። የሺእመቤት የእኔ ነው ትላለች፤ ውሸቷን ነው።

ከዚያ ልጁ አዲሱን ጣውላ ከአሮጌው ጋር አጋጥሞ እንደ ወፍጮ በሚጮህ ማሽን ወለሉን ላጨው። ብናኙ ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ተነዛ፤ ዱቄት ፈጪ መሰልኩ። እሱ ጉልበቱ ላይ ጎማ አስሮ ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ይውላል። የእሱና የኑሃሚን ነገር የተነገረኝም በዚሁ ሰሞን ነው። አልወደድኩትም። ወንድ ልጅ ለፈጣሪው እንጂ ለጣውላ አይንበረከክም፤ እኔ ለኑሃሚን ያሰብኩት መሐንዲስ ነበር። ይህን ፊት ለፊት ነገርኩት። «አባባ፣ ቆሜ ብሠራው ቆንጆ አይሆንም» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። ዝም ቢል ይሻለው ነበር።

የመጨረሻውን ቫርኒሽ የቀባው ሐሙስ ማታ ነው። ኑሃሚንን ሊጠይቁለት ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ቅዳሜ። የአትላንታ ሐምሌ ደግሞ እርጥብ ጋቢ ነው፤ አየሩ ራሱ አይደርቅም። «ላዩ የደረቀ ይመስላል እንጂ ውስጡ ገና ነው፤ ሳምንት ሙሉ ጫማ እንዳይነካው» ብሎ አዘዘን። የሺእመቤትም ሽማግሌዎቹ በጓሮ በር፣ በወጥ ቤቱ በኩል ይግቡ አለች። እትዬ፣ በአባታችን ቤት ሽማግሌ በጓሮ በር ሲገባ አይተው ያውቃሉ? በጓሮ የሚገባው ድመትና ሌባ ነው።

እርስዎ ቤቱን በእበት ሲለቀልቁ ዳሩ ከደረቀ መሃሉም ደረቀ ይሉን አልነበር? ቅዳሜ ጠዋት በመስኮቱ በኩል ፀሐይ የምታገኘውን ጠርዝ በጣቴ ነካሁት። አልያዘኝም። ደርቋል ብዬ ፈረድኩ። ወንበሮቹን ከጋራዥ አምጥቼ በመስኮቱ ጥግ ደረደርኩ። የሺእመቤት «ሐበሻ አይደሉ? አራት ሰዓት ካሉ ስድስት ነው» ብላ ሥጋ ልትገዛ ዶራቪል ሄዳለች። ኑሃሚን እንደ ወጉ ፎቅ ላይ ተደብቃለች። ሽማግሌዎቹ ግን አራት ሰዓት ሲሆን በሩን ደወሉ። በስንት ዘመን አንዴ ሰዓት ያከበረ ሐበሻ እኔ ላይ መጣ።

መሪያቸው አቶ ተስፋጽዮን ይባላሉ፤ መኪና ማቆሚያ ያላቸው፣ ሆዳቸው ከራሳቸው ቀድሞ የሚገባ ሰው ናቸው። አንድ ቄስና አንድ የታክሲ ሹፌር አስከትለዋል። የሦስቱም ጫማ ያበራል። ዋናውን በር ወለል አድርጌ «ግቡ» አልኩ። መሃል ሳሎን ሲደርሱ ቆሙና «የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። እኔም ወጉን አውቃለሁ፤ ቶሎ ተቀመጡ የሚል ሰው ልጁ የከበደችው ይመስላል። «እንግዲያው ቆማችሁ ንገሩኝ» አልኩና እኔ ተቀመጥኩ። የማን ልጅ ነው አልኩ። ነገሩኝ። ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠር አልኩ። ቆጠሩ፣ ቆጠርኩ። አምስተኛው ላይ ስም ጠፋባቸው፤ ቄሱ አንድ ስም፣ ሹፌሩ ሌላ ስም ይዘው ሲከራከሩ ደስ ብሎኝ ጠበቅኩ። ሲጨርሱ «ያሳደጉኝ ታላቅ እህት አሉኝ፣ እሳቸው ሳይሰሙ አልመልስም፤ አሁን ግን ተቀመጡ» አልኩ።

እትዬ፣ መቀመጥ አልቻሉም። ቄሱ እግራቸውን ሲያነሱ ቆዳ የሚገፈፍ ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ሹፌሩ እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ቀረ። አቶ ተስፋጽዮን ክብደት አላቸው፤ ቢስቡ ቢስቡ እግራቸው መጣ፣ ጫማቸው ቀረ። ከተቀደደው ካልሲ አውራ ጣታቸው ወጥታ ታየኛለች። ቄሱ «በስመ አብ» አሉ።

የሺእመቤት ሥጋውን ይዛ በወጥ ቤቱ በኩል የገባችው ይሄኔ ነው። «ማነው ደርቋል ያለው?» አለች፤ ጮክ ሳትል፣ እሱ ነው የሚያስፈራው። አቶ ተስፋጽዮን ባንድ እግራቸው እንደቆሙ «አታስቢ የኔ ልጅ፣ እኛ ለመቆም ነው የመጣነው» አሏትና ውጭ መኪና ውስጥ ይጠብቅ የነበረውን መርዕድን በስልክ ጠሩት። ጫማውን በጓሮ በር አውልቆ ገባ። ወለሉን አየ። የሦስት ሽማግሌ ኮቴ፣ ሁሉም ወደ እኔ ወንበር የዞረ። በረዶ የመታው ማሳ የሚያይ ገበሬ መሰለኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ምን ልል እንደነበር ግን አላውቅም። እሱ ቀደመኝ። «እትዬ የሺ፣ እኔ ነኝ ደርቋል ያልኳቸው» አላት። «ገና ሳታገባ እንዲህ ከዋሸኸኝ እንግዲህ» ብላ ጀመረችው፤ የወለሉን ንዴት ሁሉ በእሱ ላይ አወረደችው። እሱ ተንበርክኮ የአቶ ተስፋጽዮንን ጫማ በቀጭን ብረት ነቀለና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በጆሮዬ «አባባ፣ እርስዎ ግን ጫማዎን አውልቀው ነበር» አለኝ።

እውነት ነው፣ በካልሲ ነበርኩ። ለጥንቃቄ ነው፤ ጥንቃቄ ነውር የለውም። ይህን ያየው እሱ ብቻ ነው፤ አይቶም ዋጠው። እዚህ ላይ ኑሃሚን መጻፉን ትታ አፍጥጣብኛለች። ለእሷም አልነገራትም ኖሯል። ጻፊ ብያታለሁ።

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ አየሁት፤ ኮቴውን አጎንብሶ ይለካል። ከዚያ ቫርኒሹ ሲጠነክር መጥቶ ወለሉን እንደገና ላጨው። ወንበር ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ስለሚጮህ አልተነጋገርንም። ስመለከተው በእርግጥ ቆሞ ቢሠራው ቆንጆ አይሆንም።

እትዬ፣ ያን ቀን እህቴን ልጠይቅ ያልኩት ሽማግሌዎቹን ላመላልሳቸው ብዬ ነበር። አሁን ግን ከልቤ ነው የምጠይቅዎ። የአባቱ ወገን ቡልጋ ነው፣ ከእኛ አይገናኝም። ሰው የሚዋሸው ራሱን ሊያድን ነው፤ ይኼ ልጅ ግን በገዛ ሥራው ላይ ለእኔ ዋሸልኝ። መሐንዲሱ ይቅር። እሺ ብለው ይላኩልኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፤ በጓሮ በር ይገባሉ። እኔ ራሴ በሩ ላይ ቆሜ ነጠላ ጫማ አድላለሁ፤ ለአቶ ተስፋጽዮን አዲስ ካልሲ አዘጋጅቻለሁ። ደርቋል ያለው ማን እንደሆነ ለየሺእመቤት አልነገርኳትም፤ ሰርጉ ይለፍ።

ልጅዎን ወርቅውሃን ሳሙልኝ፤ ባሏ አጥሩን ጨረሰ ወይስ አሁንም እያሰበበት ነው? ልጆቹን በየስማቸው ግንባራቸውን ሳሙልኝ። ጎረቤታችንን ፀሐይነሽን አለ በሏት፣ አልሞተም በሏት። ይህን የሚያነብልዎ ሰው በግራ ጆሮዎ በኩል ይቁም፣ ድምፁንም አይቆጥብ።

ፊርማዬ እንደ ወትሮው የአውራ ጣቴ ነው። ቀለሙ የደረቀ ይመስላል፤ ግን ሳናጥፈው እስከ ነገ ጠረጴዛው ላይ ያድራል። መርዕድ ነው ያለው።

ወንድምዎ ኃይሉ
ስኔልቪል፣ አትላንታ
ሐምሌ 2008 ዓ.ም.