ከመሬት ያልተነሳሁበት ቀን

ጥቅምት 3፣ ጠዋት 1፡30
ነዳጁን አጣራሁ፤ ውሃ የለውም። ጎማ፣ ፍሬን፣ መሪ ደህና። ዘይት ስንቀይር ግን ማጣሪያው ውስጥ የብረት ብናኝ። ኪሮስ ማግኔት አስጠጋ፤ ተለጠፈ። ከውስጥ የሆነ ነገር እየተበላ ነው አለ። አየር ኃይል ከነበርንበት ጊዜ ጀምሮ መካኒኬ ነው፤ ዛሬ ግን ጮኽኩበት። አውሮፕላኗ ተማሪ ያስተማርኩባት የማሰልጠኛ አውሮፕላን ናት። ከአገልግሎት ስትወጣ ገዝቼ ሰቆጣ ያመጣኋት። አርጅታለች ሲሉኝ አልወድም።

ጥቅምት 5፣ 4 ሰዓት
መሬት ላይ አስነስተን ሃያ ደቂቃ አሠራናት። ድምጿ ያምራል። በዚህ መሐል አያ ምስጋናው ደረሱ፤ ከእኛው ዝቋላ ወረዳ፣ አንድ ቀን ተኩል በእግር። ልጃቸው ዝናሽ ምጥ ላይ ናት፤ ሦስተኛ ቀኗ። ወንዙ መንገዱን ቆርጦታል፣ አምቡላንስ አይገባም። አምና መድኃኒት ይዤ ያረፍኩበት ሜዳ ለቤታቸው ቅርብ ነው።
ሞተሩ ታሟል አልኳቸው።
«ይኸው እየሠራ ነው እኮ፣ ሻምበል! የሜዳውን ድንጋይ ለቅመን እናቆይዎታለን።»
አጠፋነው። ማጣሪያውን ከፈትን። ከፊተኛው የባሰ።

9 ሰዓት
ከማኮብኮቢያው ማዶ ገደል ነው። ሞተር ቢጠፋ ማረፊያ የለም። ለስንት ተማሪ ነግሬያለሁ። ቢሆንም ወጣሁ፤ ቀበቶ አሰርኩ። ኪሮስ መጥቶ ፕሮፔለሩ ፊት ቆመ።
«ሦስታችሁንም ልቅበር?»
እናትየዋን፣ ሕፃኑን፣ እኔን። ወረድኩ። አያ ምስጋናው ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሸሸሁ። ጋቢያቸውን አጣፍተው በመጡበት ተመለሱ። የመንደሩ ሰው በቃሬዛ ይዟት ሊወጣ ነበርና፣ መንገድ ላይ ሊያገኟት።

ጥቅምት 7
ዝናሽ ሞተች። ወንዙን ሳይሻገሩ። ሕፃኑም አብሯት። የነገረችኝ የጤና ጣቢያው ነርስ ናት። መጠንቀቅዎ ደግ ነው፣ እርስዎም በተጨመሩ ነበር አለችኝ። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ጥቅምት 8፣ ከሰዓት
ኪሮስ ሞተሩን ፈታ። ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ተሰባብሯል። ብትነሳ ገደሉን አታልፍም ነበር አለ። ትክክል ነበርክ አለኝ፣ ትከሻዬን ይዞ። ውጣልኝ አልኩት።

ጥቅምት 9፣ ጠዋት 12፡40
አንድ ነገር ደብቄሃለሁ፣ ማስታወሻዬ። ለመስቀል ከተማው ላይ ስዞር፣ ታች ሕዝቡ እያጨበጨበ፣ የዘይት ግፊቱ ወረደ። የመለኪያዋ መርፌ ቀዩ ላይ። አየኋት። አንድ ዙር ጨመርኩ። ካረፍኩ በኋላ ለኪሮስ አልነገርኩም፤ የበረራ መዝገቡም ላይ አልጻፍኩ። ከበረራ ያቆማታል ብዬ። ያኔ ብናገር መለዋወጫው ከአዲስ አበባ በሳምንት ይደርስ ነበር። ዝናሽ ስታምጥ ሞተሩ ደህና ይሆን ነበር።
ለኪሮስ አሁን ነገርኩት። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ሄደ።
አያ ምስጋናው ለቅሶ ላይ ናቸው። ዝቋላ እሄዳለሁ። በእግሬ፣ ዛሬውኑ። መርፌዋን አይቼ ዝም ማለቴን ከእኔው አፍ ይስሙት፤ ቤተሰቡ በተቀመጠበት። ከዚያ በኋላ የሚፈርዱብኝን እቀበላለሁ።