ቀይ ክር የታሰረበት ጠጉር

የካቲት 14፣ ቅዳሜ

ጠዋት የገባ የበግ ጠጉር ዘጠኝ ማዳበሪያ። ከአጋም በር አራት፤ አፋቸውን በሰማያዊ ክር አሰርኩ። ከላይ ከጅብራ ሜዳ አምስት፤ በቀይ። በክር ካልለየሁ የየት አገር ጠጉር እንደሆነ ማታ ላይ ለእኔም ይጠፋኛል።

የጅብራ ሜዳው ዘንድሮ በዛ። የሸለታ ጊዜ ገና አይደለም... በርካሽ ሰጡኝና ዝም አልኩ።

ከቀዩ አንዱን ፈታይዋ እትዬ ጥሩሸዋ ወሰዱ፣ አንዱን ሸማኔው እምሩ፣ ለባና ብርድ ልብስ። ሁለቱንም ተሸካሚው ናሲር አደረሰ። እኛም ረመዳን፣ እነሱም ሁዳዴ... እትዬ ጥሩሸዋ፣ "ዘንድሮ ቀን የሚጠግቡ በጎቹ ብቻ ናቸው" ቢሉት ናሲር በሳቅ ሸክሙን ሊጥለው ነበር።

የካቲት 21፣ ቅዳሜ

እትዬ ጥሩሸዋ ክንዳቸው ላይ ቁስል ወጣ። መሐሉ እንደ ከሰል ጥቁር፣ ዙሪያው እብጥ ያለ። "አያመኝም እኮ" ይላሉ። የማያም ቁስል... ምን ዓይነት ነው?

የካቲት 23፣ ሰኞ

ናሲርም። አንገቱ ላይ፣ ሸክም በሚያሳርፍበት በኩል። ፊቱ ድረስ አብጦ ጤና ጣቢያ ተኝቷል። እምሩም ጣቱን። ሦስት ሰው።

አባ ሰንጋ ነው ተባለ። የከብት በሽታ ነው፤ ወደ ሰውም ይሻገራል። ገበያው ፍርዱን ሰጥቷል፦ የቅበላው በሬ ነው። ከአጋም በር ተነድቶ መጥቶ ለቅርጫ የታረደው።

የካቲት 25፣ ረቡዕ

እሱባለው ሱቅ መጣ። በሽታ የሚከታተለው የጤና ባለሙያ፣ ገና ልጅ እግር። ቤት ለቤት እየዞረ ምን በላችሁ፣ ምን ነካችሁ ይላል። ያልታመመውንም።

"ያልታመመው ምን ያደርግልሃል?" አልኩት።

"እትዬ ራውዳ፣ ካልታመመው ጋር ካላስተያየሁት የታመመው ብቻውን አይነግረኝም።"

ወደድኩት። እኔስ ጥሩ ጠጉር የማውቀው መጥፎው አጠገቡ ሲቀመጥ አይደል?

የከበደው ነገር ክትባቱ ነው። ለእንስሳት የመጣው ለአንድ ቀበሌ ብቻ ይበቃል። መጋቢት 3 ይወጣል። ሰው ሁሉ አጋም በር ይላል። ቢሳሳቱስ? ለፋሲካ በግ የሚነዳው ከየአቅጣጫው ነው። የታመመው መንጋ ሳይከተብ ቢወርድ ስንት ቤት ይገባል...

የካቲት 26፣ ሐሙስ

ሱቅ እየጠረግኩ መጣልኝ። መጥረጊያውን ይዤ ቆምኩ።

ናሲር ከዚያ በሬ እንዴት ይበላል? እኛ የእነሱን እርድ አንበላም፤ እነሱም የእኛን። በሬው ከሆነ ናሲርን ማን አሳመመው?

ቀኑም አይገጥምም። በሬው የታረደው ለቅበላ፣ የካቲት 8። ቁስሉ የወጣው ከ20 በኋላ። እሱባለው ግን፣ "ከነካው ብዙ ጊዜ ከሳምንት አያልፍም" ነው ያለኝ። እሱ እንደቆጠረው ቅርጫውን ከበሉት አርባ አንድ ሰዎች የታመሙት ሁለት ብቻ።

ታዲያ ሦስቱን ምን አገናኛቸው? ይህን ደብተር ገለጥኩ። የካቲት 14... ጥሩሸዋ፣ እምሩ፣ ናሲር። ቀይ ክር። ልቤ ዘለለ። ሰማያዊውን የወሰዱትን አንድ በአንድ አሰብኩ፤ ሁሉም ደህና።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ጠጉሩ የማን ነው? የእኔ። ይህን ብናገር ማን ይገዛኛል? ናሲር ግን ሦስት ልጅ አለው። ነጠላዬን አንስቼ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ከቀሩት ሦስት ቀይ ማዳበሪያዎች አንዱን ከእሱባለው ጋር ከፈትን። ጓንት እጃችን ላይ፣ አፍና አፍንጫችን ተሸፍኖ።

"የተሸለተ ጠጉር ጫፉ እኩል ነው" አልኩት። "ይሄ ሥር አለው። ተነጭቶ ነው።"

"መቼ ነው የሚነጨው?"

"በጉ ሞቶ ሲያድር።"

ያን ቅዳሜም እጄ አውቆት ነበር። እጄ ያወቀውን ርካሹ አስረሳኝ።

የካቲት 29፣ እሑድ

ጅብራ ሜዳ ወጣን። ሽማግሌው ጋሽ አትናቴዎስ መጀመሪያ፣ "የሞተብን የለም" አሉ። እሱባለው ሊመለስ ነበር። እኔ ተቀመጥኩ፤ ገበያ ላይ መጀመሪያ የሚጠራውን ዋጋ ማን ያምናል?

"ጋሽ አትናቴዎስ፣ ጠጉሩን እኔ ነኝ የገዛሁት።"

አጠገቤ ተቀመጡ። "ሥጋውንማ ቀበርነው፤ እብድ ነን እንዴ? ጠጉሩ ግን ምን አጠፋ ብለን..."

በጥር ብቻ ሃያ ሦስት በግ። ከአንድ ረግረግ ዳር የሚግጡ። "አንቺም ሳትጠይቂ ወሰድሽ" አሉኝ።

"ወሰድኩ" አልኩ።

መንገዱን ሙሉ እሱባለው በእግሩ ሳይሆን በክንፍ ነው የወረደው። እኔም አልቀረሁ። የበሽታው መንገድ እንደ ካርታ ወለል ብሎ ታየን።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

ክትባቱ ጅብራ ሜዳ ወጣ። አምስቱም ማዳበሪያ፣ የተፈተለውም ጭምር፣ ከከተማ ውጭ ተቃጠለ። እሳቱን ቆሜ አየሁት። ናሲር ተሽሎት ከጤና ጣቢያ ወጣ። "ያልበላሁትን የበሬ ዕዳ ሊያስከፍሉኝ ነበር" ይላል።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ጠዋት የገባ ጠጉር ሦስት ማዳበሪያ። ሁሉም የተሸለተ፤ ጫፉን አይቻለሁ። ፋሲካ አለፈ፤ አዲስ ታማሚ የለም። አንድም።

ደንበኛ ቀንሶብኛል፤ ቀይ ክር ያየ ይሸሻል። ደብተሬ ላይ ግን አዲስ መስመር ገባ፦ የሞተ በግ፣ ከየት፣ መቼ። መጀመሪያ ሻጮቹ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬ አንዱ ከአጋም በር የመጣ፣ ማዳበሪያውን ሳያወርድ፣ "ራውዳ፣ ሁለት በግ ድንገት ሞቶብን ከነጠጉሩ ቀበርነው" አለኝ። ሳልጠይቀው።

እትዬ ጥሩሸዋ ጠባሳቸውን ይዘው መጡ፤ ፈትል ናፍቋቸዋል።

ነገ፦ የሁለቱን በጎች ነገር ለእሱባለው ማድረስ፣ ከዚያ፣ ደህና ነው ካለኝ፣ ለእትዬ ጥሩሸዋ አንድ ሰማያዊ መላክ።