ከአህመዳባድ የመጣው ፎቶ

ኖርክሮስ፣ አሜሪካ፣ ሰኔ 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ሕንድ አገር ለምትማረው ልጄ ለሱመያ፤

አሰላሙ አለይኩም። እኔና እናትሽ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለን የለም። ይህን የጻፍኩት እኔው ነኝ! የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። አስተማሪያችን ጽሑፌን ከፍ አድርጋ ለክፍሉ አሳየች፤ ለማስጠንቀቂያ ነው የሚሉ ምቀኞች ግን አልጠፉም።

የላክሽልኝን የአህመዳባዱን መስጊድ ፎቶ ዲኬተር ከተማ ፓርኪንግ ላይ አብረውኝ ለሚሠሩት ሁሉ አሳየሁ። «ይህን ድንጋይ እንደ ጥልፍ ያስፈለፈለው ሐበሻ ነው። ዛሬ መንግሥት ሚስማር እንኳ አያስመታበትም። ለትምህርቷ የምትለካው ደግሞ ልጄ ናት» አልኳቸው።

ከመካከላቸው ለገሰ «አንተስ ምን ሠራህ?» አለኝ።

«ለኪዋን!» አልኩት።

ቅርሱን በሕግ መጠበቃቸው ደግ ነው። የሚለኩትንስ? የቆምሽበት የቀርከሃ መወጣጫ በምንድነው የታሰረው? በገመድ ብቻ ነው? እንዲያው የሥራውን ዘዴ ለማወቅ ያህል ነው።

ለእናትሽ ፎቶውን ያሳየኋት ከእግርሽ በታች ያለውን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ነው። «ጣትህን አታነሳም እንዴ?» ብትለኝ፣ «ስልኩ እንዳይወድቅ ነው» አልኳት።

ለመምህሮችሽ ሰላምታዬን አድርሽልኝ። መልሱን መሬት ላይ ቁጭ ብለሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ ዑመር