ከስኳር ክትትል ክፍል በር ላይ ስለቆመው ማቀዝቀዣ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? መላው ቤተሰብዎስ ደህና ነው? ጤና መጠየቅ ለሌላው ሰው ደንብ ሲሆን ለእኛ ለነርሶች እንጀራችን ነውና፣ ጥያቄዬ ከልብ መሆኑን ይመኑልኝ። እኔም የጣቶቼ ጫፍ በአልኮል ከመድረቁ በስተቀር ደህና ነኝ።

በማስጠንቀቂያ ደብዳቤዎ በሦስት ቀን ውስጥ ይቅርታ በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘውኛል። ደብዳቤው ሠራተኛው ሁሉ እንዲያየው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለተለጠፈ፣ መልሱም ጎረቤት ቢያገኝ አይከፋውም ብዬ ከጎኑ ለጥፌዋለሁ። ከይቅርታው በፊት ግን ያጠፋሁትን በቅደም ተከተል ልናዘዝ።

አንደኛ፣ አመስጋኝ አልነበርኩም። ክፍላችን ለኢንሱሊን ማስቀመጫ ማቀዝቀዣ እንዲሰጠው ሁለት ዓመት ሙሉ ስንጽፍ «ቦታ የለም» የሚል መልስ ሲደርሰን ቆይቷል። የጭማቂ ኩባንያው ማቀዝቀዣ በመጣ ጊዜ ግን በአንድ ጠዋት ቦታ ተገኘ፤ ያውም ከክፍላችን በር ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። ስኳርን ለማከም አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ስኳርን ለመሸጥ ሰፊ ኮሪደር መስጠትዎ አርቆ አሳቢነት ነውና፣ በጊዜው ባለማመስገኔ አፍራለሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ታማሚ አስቀይሜያለሁ። እኚህ ሰው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትር ሳያነሱ ሰውን በዓይናቸው ስለሚለኩ ሰፈሩ «ጋሽ ልክ» ይላቸዋል። አምና በባዶ ሆድ ከመቶ አርባ የማያልፈው ስኳራቸው ዘንድሮ ሁለት መቶ ገባ፤ ቀጥሎ ሁለት መቶ ሰማንያ፣ ከዚያም ሦስት መቶ ስልሳ ሆነ። ሐኪሙ መድኃኒታቸውን ሁለት ጊዜ ጨመረላቸው። እኔ ደግሞ በተራ ጠባቂው ሁሉ ፊት ተቆጣኋቸው። «እህቴ፣ በልጆቼ ይሁንብኝ፣ ኬክ በአፌ ከዞረ ዓመት አልፎታል» ሲሉኝ አላመንኳቸውም፤ ካርዳቸው ላይ «ምክር አይቀበሉም» ብዬ ጻፍኩ።

አንድ ጠዋት ግን ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ። ዓይናቸው ከደበዘዘ ሰንብቷል፤ የአንድ ሙሽራ ኮት እጅጌ ገልብጠው ሰፍተው፣ ባለቤቱ ሊለካ ሲመጣ ነው ያዩት። ሱቃቸውን ዘግተዋል። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ከከረጢታቸው አንድ ጠርሙስ ጭማቂ አወጡና «ቆመሽ ነው የምትውይው፣ ይቺን ጠጪ፤ ስኳር የለውም፣ እኔ በቀን ሁለት እጠጣለሁ» አሉኝ።

ጠርሙሱ ፊት ለፊት በትልቁ «ስኳር ያልተጨመረበት» ይላል። ከጀርባው ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ በሚያክል ፊደል ሠላሳ ዘጠኝ ግራም ስኳር እንዳለው ጽፏል። አልዋሹም፤ ማንም አልጨመረበትም። ፍሬው ተጨምቆ ውሃው ተንኖለት ሲገባ ስኳሩን ይዞ ነው የገባው። «ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩን?» ብላቸው፣ «ከሆስፒታል በር ላይ የሚሸጥ ነገር ይጎዳኛል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ጥያቄ ወደ እርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ብርጭቆውን ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ። ከቤቴ ስኳር አምጥቼ አሥር የሻይ ማንኪያ በንጹሕ ብርጭቆ ሞልቼ፣ «የአንድ ጠርሙስ ይህን ያህል ነው» ብዬ ጽፌ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አኖርኩት። ጥበቃው በትእዛዝዎ ወሰደው፤ በማግስቱ ሌላ አስቀመጥኩ። ያንንም ወሰደው፤ ሌላ አስቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ጥበቃው ራሱ «እትዬ ነርስ፣ እስቲ ትንሽ ዕረፊ፣ ስኳሩን ለሻይ ወስጄው ቤቴ ሞልቷል» ብሎ ለመነኝ። ደብዳቤዎ ይህን «የተቋሙን ገጽታ ማጠልሸት» ይለዋል። እኔ አሥር ማንኪያ ቆጠርኩ እንጂ ስለ ተቋሙ አንዲት ቃል አልጻፍኩም፤ ገጽታው ከስኳሩ ውስጥ ከታየዎት ግን ዓይንዎ ከእኔ ይሻላል።

አራተኛ፣ ጭማቂው አነጋጋሪ ከሆነ በስኳር ፈንታ በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የተሠራ «ዜሮ» የሚባል መጠጥ እንደሚተካ በቃል ነግረውኛል። አሳቢነትዎ አይካድም። ስኳር የለውምና እንደ ጭማቂው ደም ውስጥ ያለውን ስኳር አይሰቅለውም፤ ለብዙ ዓመት ሲጠጡት ምን እንደሚያመጣ ግን ተመራማሪዎቹም ገና እየተከራከሩ ነው። እኔ መርዝ ነው አልልም፤ የማላውቀውን አልምልም። ስለ ውሃ ግን የሚከራከር ሰው አላየሁም፤ የኮሪደራችን የውሃ ቧንቧ ደግሞ ከተበላሸ አምስት ወሩ ነው።

ጋሽ ልክ ጭማቂውን ካቆሙ ከሰባት ሳምንት በኋላ፣ መድኃኒት ሳይጨመርላቸው፣ ስኳራቸው መቶ ሃምሳ ሁለት ሆነ። ዓይናቸው ጠርቶ ሱቃቸውን ከፈቱ። ባለፈው ሐሙስም የኩባንያው መኪና ገዢ ያጣውን የጭማቂ ሳጥን እንደታሸገ ጭኖ ሄደ።

አሁን ወደ ይቅርታው። ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ለእርስዎ ግን አይደለም። ካርዳቸው ላይ የጻፍኩትን በእጄ ሰርዤ፣ ሱቃቸው ድረስ ሄጄ በደንበኞቻቸው ፊት ነው የጠየቅኳቸው፤ የተቆጣኋቸውም በሰው ፊት ነበርና። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ተይው እህቴ፣ አንቺም እንደኔ የፊቱን ብቻ ነው ያነበብሽው» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ እንዲህ የቆረጠኝ ቃል የለም። ከዚያ ወዲያ የእርስዎ ማስጠንቀቂያ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ እንደ ላባ ነው የቀለለኝ።

ብርጭቆው አይነሳም። ወደ ልብስ እጥበት ክፍል ሊያዛውሩኝ እንዳሰቡ ሰምቻለሁ፤ እዚያም ሰው ይጠማዋል፣ እኔም ማንኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ።

ስሜን ከደብዳቤ ሣጥን አውጥተው ለአደባባይ ላበቁት ደግነትዎ ወደር የሌለው ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በትንሹም ሳልጸጸት፣

የስኳር ክትትል ክፍል ነርስ

ማስታወሻ፦ በእርስዎ ዕድሜ ያለ ሰው በየጊዜው ስኳሩን መለካት አለበት፤ ሆስፒታሉን በመሩበት ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ግን በራችንን አንድ ቀን እንኳ ረግጠውት አያውቁም። ማክሰኞ ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ ብቅ ይበሉ። ጣትዎን የምወጋው እኔው ነኝ፤ አይፍሩ፣ ውጤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንለጥፍም።