የሙሽራይቱ ስም የጎደለው ካርድ

ኦክላንድ፣ መስከረም ፲፪ ቀን ፳፻፲ ዓ.ም.

ያን ያህል ርቀሽም ቁጣሽ ለሚሰማኝ ባለቤቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ለሁለት ወር ብለሽ እህትሽ ዘንድ ከሄድሽ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ ሆነሽ። እኔ ጉልበቴ ከሚያላግጥብኝ በቀር ደህና ነኝ። ልጅሽ አምሐም ደህና ነው፤ ቴሜስካል ሰፈር ካለው ማተሚያ ቤቱ ሊያባርረኝ ይሞክራል፣ አልተሳካለትም። ዛሬ ግን ይህን ሳልነግርሽ ባድር እፈነዳለሁ! ነገ ሳን ሆዜ ሰርግ ተጠርቻለሁ። ጠሪዎቼ አፍጋኖች ናቸው፣ ያስጠራኝም ጥፋቴ ነው። "አንተን ደግሞ ከጥፋት ሌላ ምን ያስጠራሃል" ስትዪ ይሰማኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ወር ሀጂ ሳርወር የሚባል ሰው ልጁን ሊድር ሦስት መቶ የጥሪ ካርድ አዘዘ። አምሐ ጽሑፉን ሰጠኝና "አባዬ፣ እንዳለ ኮፒ አድርገው፤ ምንም እንዳትነካ" አለኝ። ባየው የሙሽራው ስም አለ፣ የአባቱ አለ፣ የሀጂም አለ፤ የሙሽራይቱ ግን የለም። "የሀጂ ሳርወር ልጅ" ይላል፣ በቃ። እኛ ካርድ ላይ ሙሽራይቱ ከነአባቷ ትጻፍ የለ? ሰውየው በደስታ ብዛት የረሳ መሰለኝ። ቤቱ ኮል አደረግኩ፤ አንዲት ልጅ አነሳች።

"የሙሽራይቱን ስም ረስታችኋል፤ ማን ብዬ ልጻፍ?"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ፓልዋሻ" አለች። "እኔ ነኝ።"

ፊደል በፊደል አስነግሬ ጻፍኩና ናሙናውን ላክሁላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሴቶች ሱቁን ሞሉት፦ ነርስ የሆነችው ፓልዋሻ፣ እናቷ፣ ከዚያ የሀጂ እናት የሆኑት አሮጊት። አሮጊቷ ናሙናውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው ይዘዋል።

"ጋሼ፣ አልረሳነውም" አለችኝ ፓልዋሻ፤ ጋሼ ማለትን እዚያው አምሐ አስተምሯት። "በቤታችን ወንድ የእናቱን፣ የሚስቱን፣ የልጁን ስም በሰው ፊት አይጠራም፤ ነውር ነው። አያቴ በአሥራ አራት ዓመቷ ተድራ 'የእገሌ ሚስት' ተባለች፣ ቀጥላ 'የሳርወር እናት'። እናቴ ካቡል አስተማሪ ነበረች፤ የእሷም የሰርግ ካርድ ላይ ያለው ያባቷ ስም ነው። እኔ ሆስፒታል ስሜን ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው የምውለው። ለሰርጌ ላውልቀው? አባቴ አጥፉት ቢልዎት እንዳያጠፉት ልንለምን ነው የመጣነው።"

ይህን ተናግራ ሳታበቃ ሀጂ በሩን በርግዶ ገባ።

"ካካ!" አለኝ፤ አጎቴ ማለት ነው፣ ተቆጥቶም አክብሮቱን አይረሳም። "ማን ጻፉ አለዎት? የሰው መሳቂያ ሊያደርጉኝ ነው? ያጥፉት፤ ያለዚያ ኦርደሩን ካንስል አደርጋለሁ።"

አምሐ "ይቅርታ፣ አባቴ አርጅቷል" ማለት ጀመረ። እኔ ልተወው?

"ሀጂ፣ ሙሽራው የትኛዋን እንደሚወስድ በምን ያውቃል? ተሳስቶ አንተን ቢወስድስ?"

ሴቶቹ ሳቃቸውን በሻሻቸው አፈኑ። የሀጂ ፊት በርበሬ መሰለ። "እርስዎ የሚስትዎን ስም በሰው ፊት ይጠራሉ?"

"ምን ገዶኝ! አመለወርቅ!" ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ፓልዋሻ ለአያቷ ተረጎመችላቸው። አሮጊቷ ቀና አሉ። "ጥሩ ስም ነው። አባቷ ናቸው ያወጡላት?"

"አይ... እናቴ ናት። እኛ አገር ሙሽራ ስትገባ አማት አዲስ ስም ታወጣላታለች።"

"የፊተኛው ስሟስ የት ገባ?" አሉ አሮጊቷ።

ሀጂ በሳቅ ፈረሰ። "ካካ! እኔ እኮ ደበቅኩት እንጂ አልጣልኩትም!"

እሱ ሲስቅ አሮጊቷ ብዕሬን አንስተው ናሙናው ላይ ቀስ እያሉ መጻፍ ያዙ። ፊደል የቆጠሩት በሰባ ዓመታቸው ነው፤ አስተማሪያቸው ፓልዋሻ ናት። ወረቀቱን ልጃቸው እጅ ላይ አኖሩ። "አንብብ።"

ሳቁ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"ማህጉል" አለ፣ የእናቱን። "ቶርፔካይ" አለ፣ የሚስቱን። "ፓልዋሻ።"

"ታዲያ፣ ሰማይ ተደፋብህ?" አሉት።

ሚስቱ አፏን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። ሀጂ ወረቀቱን ወደ እኔ ዘረጋ። "እሺ፣ ሦስቱም ይውጣ። ግን ፊደሉ ትንሽ ይሁን።"

"ትንሽዬ" አልኩት። ታውቂኝ የለ? በወርቅ ቀለም፣ ከሙሽራው ስም ተለቅ አድርጌ አተምኩት! ሊወስድ ሲመጣ ካርዱን አየ፣ እኔን አየ፣ አንዷን አንስቶ ደረት ኪሱ ከተተ። "ነገሩን ያመጡት እርስዎ ነዎት፤ ሰርጉ ላይ ካጣሁዎት እጣላዎታለሁ" አለኝ።

እንግዲህ ነገ ያንን የአምሐን ከረባት አስሬ እሄዳለሁ። ዳንስ ካለም አልቀርም!

አንድ ነገር ግን አለ። እህትሽ ቤት ስደውል "አመለወርቅ የምትባል ሰው እዚህ የለችም" ብላ ጆሮዬ ላይ ስትዘጋው፣ ቀልድ መስሎኝ ለሰው ሁሉ እያወራሁ ስስቅበት ከርሜያለሁ። በሰርጋችን ማግስት እናቴ ያንን ስም ስታወጣልሽ ቀና ብለሽ አይተሽኝ ነበር። እኔ ጠጄን ጠጣሁ። ይኸው አርባ አራት ዓመት።

ትናንት ብቻዬን መስሎኝ ማሽኑ አጠገብ አባትሽ ያወጡልሽን ስም ለልምምድ ስጠራው፣ አምሐ ሰማኝና "ማናት እሷ ደግሞ?" አለኝ። "እናትህ ናት" አልኩት። ሥራውን ትቶ ቁጭ አለ።

ፖስታው ውስጥ አንዲት የጥሪ ካርድ አለች፣ በወርቅ ቀለም። የጠሪውን ስም ጽፌያለሁ፣ የተጠሪዋንም። ቀኑን ግን ባዶ ትቼዋለሁ፤ የምትሞይው አንቺ ነሽ፤ ባትሞይውም ካርዷ ያንቺው ናት።

ያባትሽ ምርቃት አይለይሽ፤ እህትሽንም ስልክ ከመዝጋት ይገላግልልን።

ለሀረገወይን፣
ከደምመላሽ