በዓይኗ የምትጠጣዋ መኪና

ደባርቅ፣ ጥር 14 ቀን 2017

ለእታለሜ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ኮምቦልቻ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይ? ባለፈው ደረጃ መውጣት ከበደኝ ብለሽኝ ነበርና ሳስበው ከርሜያለሁ። ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ፣ ባለቤትሽም በሙሉ ጤና እንደሆናችሁ ተስፋዬ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርዱ ዘንድሮ በርትቷል፤ ጠዋት ጠዋት የሱቁን ቁልፍ በእጄ ካላሞቅሁት አይዞርልኝም። እናታችንም ደህና ናት። ዓይኗ ደከም ብሏል እንጂ ምላሷ እንደምታውቂው ነው።

ለምን አልደወልክም ትይኝ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ብርድና ስለ ጉልበትሽ አውርተን ዘጋን። አንቺ የአባታችን ነገር ሲነሳ ዝም ትያለሽ። በስልክ ዝም ያለ ሰው ደግሞ እያለቀሰ ይሁን ኔትወርክ ተቋርጦበት አይታወቅም። ስለዚህ መጻፉን መረጥሁ። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሙሌ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ምን ያህል ባለውለታችን እንደሆነ ስታነቢ ታገኚዋለሽ። ምሳ ሳታበዪው እንዳትሸኚው።

ነገሩ የጀመረው ከሥራ ፈትነት ነው። የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ገበያ በሌለበት ቀን እንቅልፍ ያመጣል። እኔም ላለመተኛት ብዬ ቴሌግራም ላይ አንድ ቡድን ውስጥ ገባሁ፤ የድሮ የአሜሪካ መኪና የሚወዱ ሰዎች የተሰባሰቡበት ነው። ሥራቸው ምን መሰለሽ? አንዱ የአያቱን የሠርግ ፎቶ ይለጥፍና ከሙሽሮቹ ኋላ ያለችው መኪና ምንድን ናት ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ስንት ሰው ይከራከራል። ፎርድ ናት ይላል አንዱ፣ ዶጅ ናት ይላል ሌላው፣ በዓመቷ ደግሞ እንደገና ይጣላሉ። ስለ ሙሽሮቹ የሚጠይቅ የለም። ባለቤቴ ኡሙሰልማ፣ ሚስትህን እንዲህ አተኩረህ ብታያት ምን አለበት ትለኛለች፤ እውነቷን ነው።

ከቡድኑ ሁለቱን ላስተዋውቅሽ። አንዷ ሊድያ ትባላለች፤ አዲስ አበባ ናት። አባቷ ጋራዥ ነበራቸው፤ እሷ የመኪና ኋላ ብቻ አይታ የተሠራችበትን ዓመት ትናገራለች። ሌላው እዚሁ ዳባት ያሉት አቶ መልከ ጼዴቅ ናቸው፤ ሰማንያ ያለፋቸው ጡረተኛ መካኒክ። መጻፍ አይወዱም፤ ድምፅ ይልካሉ፣ ግማሹ ሳል ነው። እሳቸው ከተናገሩ በኋላ ግን የሚከራከር የለም።

አንድ ቀን እኔም ጠየቅሁ። በልጅነቴ የማስታውሰው ነገር አለ፣ ሕልም ይሁን እውን አላውቅም፣ ቤንዚን በዓይኗ የምትጠጣ መኪና ነበረችን ብዬ ጻፍሁ። ሳቁብኝ። አቶ መልከ ጼዴቅ ግን አልሳቁም። የግራ የኋላ መብራቷ እንደ በር ይከፈት ነበር ወይ አሉኝ። አዎ አልኋቸው። እንግዲያው የሃምሳ ስድስት ሸቭሮሌት ናት፣ የቤንዚኗን አፍ ከመብራቱ ጀርባ ነው የደበቁት፣ ስንቱ የማያውቅ ማደያ ላይ ሲዞራት ውሏል አሉ። እኔ ደግሞ አዋቂ ልሁን ብዬ፣ ሊሆን አይችልም፣ አባቴ የገዛት በሃምሳ ስምንት ነው፣ ሲገዛትም አሮጌ ነበረች፣ መኪና በሁለት ዓመት አያረጅም አልሁ። በሳላቸው መሐል ሳቁ። ልጄ፣ አሜሪካኖች በኛ ዘመን አይቆጥሩም፣ የነሱ ሃምሳ ስድስት የኛ አርባ ስምንት ነው አሉኝ። ያ ሁሉ ሰው እየሰማ አፈርሁ።

እፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም። ለካ ሕልም አልነበረም። አባታችን ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ ሲያሳየኝ፣ ከታች ሆና ቀዩን መብራት የምትከፍትለት ልጅ ነበረች። አንቺ ነበርሽ። ሌላ ሰው እንዲነካው አትፈቅጂም ነበር። ያኔ አራት ዓመቴ ነው፤ ከአባቴ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው፤ እሱንም ውሸት እየመሰለኝ ነው ያረጀሁት።

ከዚያ እቤት ተቀምጦ የኖረውን ያን የአስመራ ፎቶ፣ ከነአባታችን ታሪክ፣ ለቡድኑ ላክሁት።

ታሪኩን ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም ልድገመው፣ ስጽፈው ነው ለራሴም የሚገባኝ። ኅዳር 1965 አባታችን በዚያችው መኪና ጨርቅ ጭኖ በሊማሊሞ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕር ወረደ፤ አልተመለሰም። ሰው ሦስት ቀን ገደሉን ከላይ ከላይ አየ፤ ምንም አልተገኘም። በገመድ እንወርዳለን ሲሉ፣ ዛሬ ነገ ሲባል ወራት አለፈ። የካቲት ላይ አንድ ነጋዴ ከአስመራ ፎቶ ይዞ መጣ። እንደኛዋ ሰማያዊና ነጭ የሆነች መኪና ሆቴል በር ላይ ቆማለች፤ አንድ ጀርባውን የሰጠ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ተደግፏታል። ሽማግሌዎቹ እቤታችን ተሰብስበው፣ መኪናዋን በየሳምንቱ የምታጥባት ልጅ ትለያታለች ብለው አንቺን ጠሩ። የአባትሽ ናት ወይ አሉሽ። አዎ አልሽ። ፍለጋው በዚያው ቆመ። እናታችን ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ ያ ሰውዬ ነው የምትለው። ትቶኝ ሄደ ላለችው ሰው ዱዓ አላደረገችም፣ ሰደቃም አላወጣችም። እኛም የከዳተኛ ልጆች ተብለን አደግን።

ፎቶውን ከላክሁ አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ሊድያ መለሰች። ይቺ ሃምሳ አምስት ናት አለች። ከኋላ ጎማው በላይ፣ በጎኗ፣ የቤንዚን መክደኛ ይታያል፤ አጉልታ በቀይ ከበበችው። የሃምሳ ስድስቷ ጎኗ ላይ መክደኛ የላትም። ክርክር ተነሣ። የኛ አገር ጋራዥ የአንዷን መኪና ጎን ለሌላዋ መግጠም ይችልበታል፣ ተቀይሮ ቢሆንስ ያሉ ነበሩ። ያኔ አቶ መልከ ጼዴቅ ድምፅ ላኩ። ጎን ይቀየራል፣ የመብራቱ ቅርጽ ግን የሃምሳ አምስት ነው አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ባሽር መኪናውን ከኔ በቀር ሰው አስነክቶ አያውቅም፣ እኔ ደግሞ ጎኗን አልቀየርሁለትም፣ የባሽር ልጅ መሆንህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገርኸኝም አሉኝ።

ሱቄን ዘግቼ አለቀስሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለቀስሁበትን ቀን አላስታውስም።

ያቺ የኛ ካልሆነች የኛዋ የት ገባች? ይህንኑ ለቡድኑ ጻፍሁ። የመለሰልኝ ሙሌ ነው። ብዙ ጊዜ ከደባርቅ ሽሬ ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ከሊማሊሞ በታች ሞተሩ ግሎበት ውኃ ሊለምን አንድ ገበሬ ቤት ይገባል። የዶሮ ቤቱ መዝጊያ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ በመሐሉ የኒኬል መስመር ያልፋል። የድሮ መኪና አካል ነው ብሎ ፎቶ አንስቶት ኖሯል። አቶ መልከ ጼዴቅ ፎቶውን ሲያዩ ካልወሰዳችሁኝ አሉ፤ እምቢ ማን ይበላቸው። ሙሌ ገቢና አስቀምጦ ወሰደን።

ገበሬው አሻግሬ ይባላል፤ በኔ ዕድሜ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከዶሮ ቤቱ ኋላ ሌላ ቁራጭ አወጣልን። መስታወቱ የረገፈ የኋላ መብራት ነበረበት። አቶ መልከ ጼዴቅ ተንበርክከው በጣታቸው ዳበሱት፤ አንድ ቦታ ያዙና አዞሩት። ሲጢጥ እያለ ተከፈተ። ከጀርባው የቤንዚኑ አፍ አለ። ሽማግሌው እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ለረጅም ጊዜ አላሳሉም።

የሚቀጥለውን ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ። መኪናዋን ያገኛት የአሻግሬ አባት ነው፤ በዚያው ዓመት ክረምት። ገደሉ ሥር ማንም ያልዘራው ሰሊጥ በቅሎ አየና ከየት መጣ ብሎ ቢጠጋ፣ መኪና ተገልብጣለች፤ ጆንያዎቹ ተቀደው ሰሊጡ ፈሷል። ውስጧ አንድ ሰው ነበር። ወዲያው እንደሞተ ያስታውቅ ነበር ብሎ ለልጁ ነግሮታል። መስታወቷ ላይ የመስበሓ መቁጠሪያ ተንጠልጥሎ ስላየ፣ ይህ ሰው እስላም ነው፣ እንደ ክርስቲያን ልቀብረው አይገባኝም ብሎ ከማዶ አንድ ሙስሊም ሸማኔ ጠርቶ በወጉ አስቀበረው። ለመንግሥት አልተናገረም፤ አስከሬን አገኘሁ ያለ ገደልህ ተብሎ ይታሰር ነበርና ፈራ። ደባርቅ ገበያ ወጥቶ ግን የጠፋ ሾፌር አለ ወይ ብሎ በዘዴ ጠይቋል። አንድ ነበር፣ እሱ ግን አስመራ ነው ያለው አሉት። አሻግሬ ዛሬም መቃብሩን በድንጋይ አጥሮ ከብት አያስረግጠውም። በማላውቀው ሰው ደጅ እንደዚያ ተከብሮ ሳየው የአሻግሬን እጅ ሳምሁ።

እታለም፣ አንድ ነገር ልብ በይልኝ። ፎቶው የመጣው የካቲት ነው። አዎ ብትይም አይደለም ብትይም አባታችን ከሄደ ሦስት ወሩ ነበር። ማንም በገመድ ወርዶ የሚያተርፈው ነፍስ አልነበረም።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ ብዬ ብዙ አሰብሁ፤ ተውሁት። በዚያ ፎቶ ላይ መክደኛው በግልጽ ይታያል፤ ይህን ብቻ ነው የምልሽ። አሥር ዓመትሽ ነበር። ከሞተ አባት የከዳ አባት ይሻላል ያለች የአሥር ዓመት ልጅ ብትኖር፣ እኔ ታናሽ ወንድሟ ምን ብዬ እፈርድባታለሁ? ስሙ ሲነሳ ብድግ ብለሽ ስትወጪ፣ ጠልተሽው ይመስለኝ ነበር። ለዓረፋ እንኳ መጥተሽ ሦስት ቀን ሳትሞዪ ስትመለሺ፣ ንቀሽን ይመስለኝ ነበር፤ ለኡሙሰልማም ብያታለሁ። ይቅር በይኝ።

ለእናታችን ነገርኋት። እንዴት ልጀምር ብዬ ሦስት ቀን ዞርሁ፤ በመጨረሻ ምን ሆነሃል ብላ ራሷ አስቀመጠችኝ። ሁሉንም ስነግራት አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሲወርድ ነው ሲመለስ አለችኝ። ሰሊጥ ጭኖ ነበር አልኋት። ሰሊጥ ከቆላ ነው የሚመጣው፤ ይህን ለነጋዴ ሚስት የሚያስረዳ አያስፈልግም። እየተመለሰ ነበር ማለት ነው አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ባሽር ብላ ስትጠራው ሰማኋት።

በማግሥቱ ሸህ ዘከሪያን አስጠርታ ስለ ዒዳዋ፣ ባል የሞተባት ሴት ቤት ስለምትቀመጥበት ጊዜ፣ ጠየቀቻቸው። ዒዳ የሚቆጠረው ከሞተበት ቀን ነው፣ ያንቺ ድሮ አልፏል፣ ምንም የለብሽም አሏት። እኔ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ሸሁን ከሸኘች በኋላ የጆሮ ጌጧን አውልቃ ለኡሙሰልማ ሰጠቻት፤ ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣችም። ለባሌ አልተቀመጥሁለትም፣ ትንሽ ልቀመጥለት ትላለች። ማንም አልተከራከራትም።

ሰደቃው አርብ የካቲት ሰባት ነው፣ ከጁምዓ በኋላ። ረመዳን ሳይገባ እንዲሆን የፈለገችው እሷ ናት። አቶ መልከ ጼዴቅ ይመጣሉ፤ አሻግሬም ይመጣል። ሊድያ ከአዲስ አበባ መንገዱ ከፈቀደልኝ እመጣለሁ ብላለች፤ ፊቷን አይቻት አላውቅም፣ ግን እንደ ዘመድ ናፍቄያታለሁ። አንቺንም ሙሌ ሲመለስ ይዞሽ ይምጣ። ጉልበትሽን አታመካኚ፤ ገቢናው ምቹ ነው።

ላትመጪ ታስቢ ይሆናል፤ የእናታችንን ዓይን እንዴት አያለሁ ትይ ይሆናል። ስለዚህ የመጨረሻውን ልንገርሽና ልጨርስ። ትናንት ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ ያኔ መኪናዋ የሱ ናት ያለችው እኅትህ አይደለችም ወይ አለችኝ። ደነገጥሁ። ልጅ ነበረች፣ ቀለሙ አንድ ነበር፣ ተሳስታ ነው አልኋት። አልተሳሳተችም አለች፤ ያቺ ልጅ ያቺን መኪና ዓይኗን ጨፍና በእጇ ታውቃት ነበር። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃሏን እንዳለ ነው የጻፍሁልሽ። “በሃያ ስድስት ዓመቴ ባልሽ ሞተ ቢሉኝ ኖሮ ከዚያ መደብ ላይ አልነሳም ነበር። በእግሬ ያቆመኝ ንዴቱ ነው፤ ንዴቱን የሰጠችኝ እሷ ናት። የሚሰደብ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ሃምሳ ሁለት ዓመት የምጠብቀው ሰው ነበረኝ። ጻፍላትና ትምጣ፤ አጠገቤ ትቀመጥ።”

አላህ መንገድሽን የሰላም ያድርገው፤ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጆችሽን ይባርክልሽ። አባታችንንም በራሕመቱ ይቀበልልን። አሚን።

ደጅ ላይ ቆሞ የሚጠብቅሽ፣
ታናሽ ወንድምሽ